ማንኪያየ እዚያ፣ ዋንጫየ እዚህ

እማየ፣

ከተለያየን ስምንተኛው ክረምት ገብቷል። አንቺ ከዚህ ዓለም ከሄድሽ ደግሞ ሦስተኛው ነው። የትኛውን መቁጠር እንዳለብኝ አላውቅም። እኔ ከቤት የወጣሁበትን ብቆጥር የተለየሁሽ እኔ ነኝ፤ አንቺ የሄድሽበትን ብቆጥር የተለየሽኝ አንቺ ነሽ። አንዳንድ ቀን አንዱን፣ አንዳንድ ቀን ሌላውን እቆጥራለሁ። እንደ ልቤ ድካም ነው።

በሕይወት ሳለሽ ደብዳቤ ጽፌልሽ አላውቅም። ፊደል አልቆጠርሽም፤ የሚያነብልሽ ወይ ወንድምሽ አያ ደሴ ነው፣ ወይ የአጥቢያው ዲያቆን። ሁለቱም ያኔ ስሜ ሲነሣ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ወደ ጎንደር በሚመላለሱ ነጋዴዎች በኩል ደኅና ነኝ በሏት እያልሁ እልክ ነበር። ከዚያ የሚበልጥ ቃል በነጋዴ አፍ አይላክም። አሁን ግን በመካከላችን ቆሞ የሚያነብ ሰው የለም። ስለዚህ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። የርብ ወንዝ ዘንድሮም ሞልቶ ሜዳውን አልብሶታል። ከቁሐር ሚካኤል በታች ያለው ማሳ ሁሉ ውኃ ነው፤ ከብቱ ወደ ጉብታው ወጥቷል፤ ጎረቤት ለጎረቤት በታንኳ ይጠያየቃል። ውኃው ከደጃፍሽ ደርሶ ቆመ። እትየ ብርቄ፣ እህትሽ፣ አሁን በቤትሽ የምትኖረው እሷ ናት፤ ውኃውን በመጥረጊያ እንደ ውሻ አባረረችው ብየ ብነግርሽ ታምኛለሽ። ውኃው ሲሸሽ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ወረታ ላይ ትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል፤ እኔ እዚያ አስተምራለሁ። ዝናብ ሲመታው የራሴን ድምፅ አልሰማም፤ ልጆቹ ግን የሰሙ መስለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ወደ ጎንደር የሚያልፈው አውቶቡስ አሁን ከጨርቅ ነጋዴው ከሐጅ ሰይድ ሱቅ ፊት ይቆማል። ላምሽ ቦራ ወልዳለች። ጥጃዋ እንደ እናቷ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት።

ይህን ሁሉ የምደረድረው አንድ ነገር ለማንሣት ድፍረት እስካገኝ ነው። ታውቂኛለሽ። ልጅ ሆኜም የፈለግሁትን ከመጠየቄ በፊት ስለ ላሞቹ እጠይቅሽ ነበር።

እማየ፣ እርሜን አውጥተሽ ነበር?

ሰው በሩቅ አገር ሲሞትብን ሬሳው ባይኖርም እንደምናለቅስለት ታውቂያለሽ፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ሲነሣ ነፍሱን ይማር ይባላል፤ አለቀ። እኔ ወደ ፈረንጆቹ ሃይማኖት ገብቼ ባሕር ተሻገርሁ ሲባል ዘመድ መከረ አሉ። ከዚያ ቤት የገባ እንደ ሞተ ይቆጠራል፣ እናልቅስለትና ይውጣልን ተባለ። ይህን ገና መንገድ ላይ ሳለሁ ሰማሁ። ለቅሶው ተቀምጦ እንደሆነ፣ አንቺም ከመካከላቸው ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ተቀምጠሽ እንደሆነ ግን የሚነግረኝ አልነበረም። ያ ጥያቄ በሄድሁበት ሁሉ አብሮኝ ተኛ፣ አብሮኝ ተነሣ። አልቅሰሽልኝ ከሆነ የሞትሽው ልጅ የሌላት ሴት ሆነሽ ነው። እኔም እናት የሌለኝ የሆንሁት አንቺ ሳትሞቺ ነው።

ጎንደር የመጣሽበትን ቀን አስታውሳለሁ። ለትምህርት ሄጄ በወባ ስወድቅ ያነሡኝ የፈረንጅ አባቶች ግቢ ውስጥ እንደቀረሁ ሰምተሽ፣ በሶ ቋጥረሽ፣ ከነጋዴ ጋር በእግርሽ መጣሽ። ከበራቸው አልገባሽም። አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥሽ። አንዱ አባት ወጥተው እጅ ነሡሽ። ልጄን ጾም ታስፈቱታላችሁ ወይ አልሻቸው። አናስፈታም ሲሉሽ አማርኛቸውን ሰምተሽ ሳቅሽ፤ አማርኛዎ ገና አልተበጠረም አባ፣ ገለባ ይበዛዋል አልሽ። እሳቸውም ሳቁ። አንቺ ስትስቂ እኔም ነገሩ ሁሉ ቀላል መሰለኝ።

ወደ ሮም እንደምሄድ የነገርሁሽ ግን ወረታ መንገድ ላይ ነው፤ ሾላዋ ሥር። ጎንበስ ብለሽ ድንጋይ አነሣሽና እንደ ወትሮሽ ክምሩ ላይ አኖርሽ። ልጅ ሳለሁ የዚያን ክምር ነገር ስንት ጊዜ ነግረሽኛል። የፈረንጅ ቄሶች ከንጉሥ ጋር በተወዳጁበት በዚያ በድሮው ዘመን፣ ሃይማኖታችንን አንለውጥም ብለው ያለቁ የፎገራ ሰዎች እዚያ ተቀብረዋል፤ ያለፈ ሁሉ ድንጋይ ያኖርላቸዋል። አኖርሽና ቀና ስትይ እንዲህ ብቻ አልሽኝ፦ እንግዲህ እኔ ስሞት አፈር የሚያለብሰኝ ማነው፣ ምትኩ?

አፈር ያለበሱሽ ሌሎች ናቸው።

*

ሮም የኖርሁበትን ቤት ልንገርሽ። አይተሽው አታውቂም፤ በሐሳብሽ ምን ዓይነት ቤት ሠርተሽለት እንደነበር እያሰብሁ ብዙ ጊዜ ፈገግ ብያለሁ። ሣር ክዳን ሳታደርጊለት አልቀረሽም።

ያረጀ የድንጋይ ቤት ነው፤ በጠባብ መንገድ ዳር፤ ቄስ የሚሆኑ ልጆች የሚማሩበት። የመሠረቱት ከአንድ ሰሜናዊ አገር የተሰደዱ ሰዎች ነበሩ። በአገራቸው ሃይማኖታቸው ተከልክሎ ቄስ መሆን ሞት የሚያስፈርድበት ዘመን ነበር። ልጆቹ ተደብቀው ወደዚህ ቤት ይመጣሉ፣ ይማራሉ፣ ይካናሉ፣ ከዚያም ነጋዴ ወይም መርከበኛ መስለው ይመለሳሉ። ከተመለሱትም ብዙዎቹ ተይዘው ተሰቅለዋል። የዚያ ቤት ታሪክ ይኸው ነው፤ መማርና መመለስ፣ መመለስና መሞት። በየዓመቱ በመታሰቢያቸው ቀን ስማቸው አንድ በአንድ ሲነበብ እንቆማለን።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ወደዚያ ቤት የሚገባ ሁሉ የእንጨት ማንኪያ ይሰጠዋል፤ እጀታው ላይ የራሱን ምልክት ይቀርጻል። ተምሮ ሲሄድ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ይሄዳል። የመገደሉ ወሬ የመጣ እንደሆነ ማንኪያው በመብል ቤቱ ግድግዳ ላይ ይቸነከራል። ያን ቀን ማንም አያለቅስም። ደወል ይደወላል፣ የምስጋና መዝሙር ይዘመራል፣ ማታ ጣፋጭ ወይን ይቀዳል። እኔ በደረስሁበት ዘመን የሚቸነከር አልነበረም፤ የድሮዎቹ ግን በረድፍ ተሰቅለው በየቀኑ ሾርባ ስንጠጣ ያዩናል። ከመካከላቸው አንዱ ጠርዙ የተነከሰ ነው። የጥርስ ምልክቱ ይታያል። ሰማዕቱ ሲያስብ ማንኪያውን ይነክስ ነበር ማለት ነው። ከሁሉም እሱን ወደድሁት።

መርዶ ሲመጣ ይዘመራል ብልሽ ምን እንደምትይ አውቃለሁ። እነዚህ ሰዎች እናት የላቸውም እንዴ ትይ ነበር። እኔም ይህንኑ አስቤ የእናቶቹን ነገር በታሪኩ ውስጥ ፈለግሁ። የገዳዩ ስም አለ፤ የዳኛው አለ፤ ገመዱን የሸጠው ሰው እንኳ አለ። እናቶቹ የሉም።

በደረጃው ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ሥዕል ነበር። ከዚያ ቤት ወጥቶ በሐበሻ ምድር፣ በአንድ ትልቅ ሐይቅ አጠገብ በድንጋይ ተወግሮ የሞተ ቄስ ነው ይላሉ። ሠዓሊው አገራችንን አላየም። ሐይቁ እንደ ባሕር ነው፤ ዳሩ ላይ ቴምር በቅሏል፤ ሰዎቹ ጥምጥም አድርገዋል፤ ዓይናቸው ፈጧል። ሁሉም ድንጋይ ይዘዋል። ቄሱ ተንበርክኮ ወደ ሰማይ ያያል። በቤቱ ውስጥ ሐበሻ እኔ ብቻ ስለሆንሁ ጓደኞቼ ይቀልዱብኝ ነበር፤ ምትኩ፣ ከነዚህ ውስጥ አጎትህ የትኛው ነው ይሉኛል። እስቃለሁ። አንድ ቀን ግን ሳልስቅ ቀረሁ። በስተግራ የቆመው፣ ድንጋዩን ከትከሻው በላይ ያነሣው፣ መንጋጋው አያ ደሴን ይመስላል። ጥምጥሙን በሐሳቤ አወረድሁለት፣ ጋቢ አለበስሁት። አያ ደሴ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ በዚያ ደረጃ ስወጣና ስወርድ ሳላየው አላልፍም ነበር። ተመልሼ የሄድሁ ዕለት እንዲህ ይቀበሉኝ ይሆን? ደግሞ ሌላ ሐሳብ ይመጣብኛል። ስለ ሾላዋ ልንገራቸው ይሆን? እዚያ አገር ሌላም የድንጋይ ክምር አለ፣ ከሥሩም በዚያው ዘመን ያለቁ የኛ ሰዎች አሉ፣ እናቴ ታኖርላቸዋለች ብየ ልናገር? አፌ ላይ ደርሶ ይመለሳል። እዚያ የተሰቀለው ማንኪያና እዚህ የተከመረው ድንጋይ በአንድ ልብ ውስጥ እንዴት እንደሚያድሩ አላውቅም ነበር። ሁለቱም ግን የሚያድሩት በኔ ውስጥ ነው። ሌላ ማደሪያ አልነበራቸውም።

መሞትሽንም የሰማሁት በዚያው ደረጃ ላይ ነው።

እኒያ አማርኛቸው ያልተበጠረው አባት ከጎንደር ለእንግድነት መጥተው ነበር። ለምሳ ስንወርድ ሥዕሉ ሥር አገኙኝ። አቀፉኝ። ስለ እናትህ በጣም አዝኛለሁ፣ ነፍሷን ይማር አሉኝ። የሰማሁ መስሏቸው ነው። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ቀኑ ብሩህ ነበር፤ ከታች የሾርባ ሽታ ይመጣ ነበር። አመሰግናለሁ አልኋቸው። ወርጄ ከጓደኞቼ ጋር ተቀመጥሁ። በላሁ። ማንኪያየን ስመልስ ሳህኑ ባዶ እንደሆነ አየሁና ፈራሁ።

በማግስቱ ዘመሩልሽ። የማያውቁሽ ወንዶች፣ በማታውቂው ቋንቋ፣ እጅግ ባማረ ድምፅ። እኔም ዘመርሁ። እንባ ግን አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም፤ በዓመቱም አልመጣም። እዚያ ቤት ውስጥ ሆኜ የሞትሽ አይመስለኝም ነበር፤ በሕይወት ያለሽም አይመስለኝም። ሁለቱም በሌለበት ቦታ ቆመሽ ትጠብቂኛለሽ።

*

ትምህርቱ ሲያልቅ የቤቱ አለቃ ጠሩኝ። ክህነቱን ከመቀበልህ በፊት አገርህን እይ፣ ልብህ እስኪረጋ ቆይ አሉኝ። ማንኪያየን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ስወጣ ከኋላየ ሆነው እንዳንሰቅለው አደራ አሉ፤ ሳቅ አሉ። እኔም ሳቅሁ።

ወረታ ከአውቶቡስ ስወርድ መጀመሪያ ያየኝ ሐጅ ሰይድ ነው። መቀሱን እንደያዘ ከሱቁ ዘሎ ወጣ። አቅፎ ሳመኝና ከፊቴ ላይ ዓይኑን ቶሎ አነሣ። ወዲያው ሰው ወደ ቁሐር ላከ። እኔን ከሱቁ አስቀምጦ ውኃ ሰጠኝ፣ ቴምር ሰጠኝ፤ ከዚያ አቡጀዲ ዘርግቶ መለካት ጀመረ። የሚገዛ ሰው አልነበረም። ለካና ጠቀለለ፤ ፈታና እንደገና ለካ። ያኔ ገባኝ። ለሩቅ መንገደኛ መርዶ እንደ ደረሰ አይነገረውም፤ መብላት አለበት፣ ማረፍ አለበት፣ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌ ባለበት ይነገረዋል። ሐጅ ሰይድ መዋሸት ስለማይሆንለት እጁን ሥራ አስያዘው።

አያ ደሴ መጣ። ከሩቅ ሳየው መጀመሪያ ያየሁት እጁን ነው። የያዘው በትር ነበር። አቀፈኝ፣ አገላብጦ ሳመኝ፣ ከሳህ አለኝ፣ ፈረንጅ ምግብ የለውም እንዴ አለኝ። መንጋጋው ያው ነው። የቁሐር ሚካኤሉ ቄስ መምሬ አለነም አብረውት መጥተው ነበር፤ መስቀላቸውን ለማሳለም ጥቂት አመነቱ፤ ከዚያ ግንባሬ ላይ አሳረፉት።

እማየ፣ ያኔ አውቃለሁ ብል ነገሩ ሁሉ ያበቃ ነበር። ሁለት ቃል ነው። ነገር ግን አፌ የራሱን ተናገረ። እማየስ አልሁ።

ጣራ ገዳም ጠበል ገብታለች፣ ወገቧን ትንሽ አሟት ነው አለኝ አያ ደሴ፤ ቶሎ ብሎ፣ እንደተዘጋጀ ሰው።

እሺ አልሁ። ጥቂት ቆይቶ እትየ ብርቄ እየሮጠች ደረሰች። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስማኝ ስማኝ፣ እኔ ምንም ሳልጠይቃት፣ እናትህማ አንበሳሜ ወርዳለች፣ የዘመድ ልጅ ክርስትና አለ አለችኝ። መምሬ አለነ ሳል ያዛቸው። አያ ደሴ እህቱን በዓይኑ ሊውጣት ደረሰ፤ ከዚያ፣ አዎ፣ ከጠበሉ በአንበሳሜ በኩል አድርጋ ነው የምትመለስ አለ። ጣራ ገዳም በሰሜን፣ አንበሳሜ በደቡብ። ሐጅ ሰይድ አቡጀዲውን እንደገና ፈታ።

እንዴት ብየ ልንገርሽ። ሳቄ መጣ፤ ልቤ ውስጥ ብቻ። ያን ቀን ሁለት ቦታ ነበርሽ። ሁለት ቦታ ቢሆንም ነበርሽ። ማታ ከአያ ደሴ ቤት እራት ቀርቦልኝ ደጋግሜ ስለ አንቺ ጠየቅሁ፤ እነሱም ሊያሳርፉኝ ብለው መለሱ። ጥርሷስ? አሁንም ሽምብራ ትቆረጥማለች። ከጎረቤት ጋርስ? ከወለተ ማርያም ጋር በጥጃ ነገር ተኳርፋለች፤ ታውቃት የለ፣ ይቅርታ ቀድማ አትጠይቅም። ቦራስ? ከሷ ሌላ ሰው አታሳልብም። አታሳልብም። አትጠይቅም። ትቆረጥማለች። እያንዳንዱን ቃል እንደተራበ ሰው ተቀበልሁ። አንድ ጊዜ እትየ ብርቄ ትወድ ነበር ልትል ትወድ ብላ ቆመች፤ ትወዳለች ብላ ጨረሰችው፤ ከዚያ እሳቱን ልትቆሰቁስ ፊቷን አዞረች።

አሁን የምነግርሽን ለማንም አልነገርሁም። ማመን ጀመርሁ። እኒያ አባት ተሳስተው ይሆናል አልሁ። አማርኛቸው ገለባ የበዛበት አይደል? የሌላ ሰው እናት ትሆናለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደጅ ወጥቼ ከጣራ ገዳም የሚመጣውን መንገድ አየሁ። ከዚያ ዞሬ የአንበሳሜውን አየሁ። በየትኛው እንደምትመጪ አላወቅሁምና በመካከል ተቀመጥሁ።

ጎሕ ሲቀድ መጡ። ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ ክንዴን ያዙኝ፤ ራሴን እንዳልጥል። ይነግረኛል የተባለው አያ ደሴ ነበር። ምትኩ አለ። ያ መንጋጋው ተንቀጠቀጠ። እናትህ አለና መጨረስ አቅቶት፣ ከኔ በፊት እሱ ጮኸ። ሴቶቹ ተቀበሉት። እኔ የማውቀውን ሊነግሩኝ ነው፣ እንደሚሆን ሆኜ እቆማለሁ ብየ ነበር። አልቃሿ ግን ድምፅዋን አወጣች፦

ባሕር ተሻግሮ መጣልሽ ልጅሽ፣
ጥቂት ብትቆዪ ምን ነበረብሽ።

ከዚያ የራሴን ድምፅ አላወቅሁትም። ከየት እንደመጣ እንጃ። ከደረጃው፣ ከሾርባው፣ ከመዝሙሩ ሥር ተቀብሮ የቆየ ነገር በአንድ ጊዜ ወጣ። ክንዴን የያዙኝ ሰዎች ደክሟቸው ተቀየሩ። አልቅስ፣ አውጣው፣ አንጀትህ ውስጥ አይቅር ይሉኝ ነበር። እማየ፣ እንድታለቅሺ የሚለምንሽ ሰው መኖሩ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ከዚያ ቤት ተመልሶ የመጣ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ስንደርስ አንድ ሽማግሌ በበትራቸው አገዱኝ። እሱ ከዚህ አያልፍም፣ ሃይማኖቱን ለውጧል አሉ። ሰው ሁሉ መምሬ አለነን አየ። መምሬም፣ ለማልቀስ ደግሞ ክርስትና ይነሣ ልትሉት ነው? አሉ። በትሩ ወረደ። ይሁን እንጂ ነገሩ ሁሉ ተፈታ ብየ አልዋሽሽም። ወደ ቤተ መቅደሱ አላስገቡኝም፤ በግንቡ ዳር ዳር ይዘውኝ ወደ መቃብርሽ ሄዱ። ግን መምሬም አልገቡም። ቅዳሴው እስኪያልቅ ከኔ ጋር ውጭ ቆሙ።

ስንመለስ ሾላዋ ጋ ደረስን። አያ ደሴ ከፊቴ ቆመ። ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሣ።

ሥዕሉ ነው ፊቴ የመጣው፤ ያ ክንድ፣ ያ መንጋጋ። እሱ ግን ድንጋዩን በሁለት እጁ አቧራውን ጠርጎ ዘረጋልኝ። እሷ ሳታኖር አልፋ አታውቅም፣ አንተ አኑርላት አለኝ። አኖርሁ። ከዚያ እኔም ጎንበስ ብየ ሌላ አነሣሁና ከጎኑ አኖርሁ። ይኼስ ለማነው አለኝ። ከሩቅ መጥቶ ከሐይቁ ዳር ለሞተ አንድ መንገደኛ ነው አልሁት። የገባው ይመስለኛል፤ ወይም አልገባውም። መንገደኛም ሰው ነው አለና መንገዱን ቀጠለ።

*

ከቤትሽ የገባሁት በሦስተኛው ቀን ነው። እትየ ብርቄን ጠየቅኋት። በላሞቹ አልጀመርሁም። እማየ እርሜን አውጥታ ነበር ወይ አልኋት።

በአገጯ ወደ ምሰሶው አሳየችኝ።

ኩላቡ ላይ ዋንጫየ ተሰቅሏል። ከአባየ በሬ ከዳማ ቀንድ የተሠራው፣ ልጅ ሳለሁ ወተት የምጠጣበት፣ አንድ ጎኑ የተሰነጠቀው። የተሰቀለ ነገር ሳይ ወደ ኋላ አልሁ። እኔ በመጣሁበት ቤት የሚሰቀለው የሞተ ሰው ዕቃ ነው።

ከዚያ ነገረችኝ። ለቅሶ ሊቀመጡልኝ ዘመድ ሁሉ በመጣ ቀን ወተት እየናጥሽ ነበር አሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ሲያዘቀዝቁ ተነሥተሽ ዋንጫየን አመጣሽ፤ ወተት እስከ አፉ ሞላሽበት፤ በመካከላቸው መሬት ላይ አኖርሽው። ለሞተ ሰው ወተት አይቀዳም፤ የልጄ ይኸው ተቀድቷል፤ ልጄ ሞቷል የሚል አንሥቶ ይጠጣለት አልሽ። ማንም እጁን አልዘረጋም። ወተቱ እዚያው ዋለ። መጀመሪያ ተነሥቶ የወጣው አያ ደሴ ነው፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አንቺም ዋንጫውን አጥበሽ፣ በወይራ አጥነሽ፣ ምሰሶው ላይ ሰቀልሽው። ከዚያ ወዲያ በየወሩ በሚካኤል ቀን እያወረድሽ አጠንሽው። ስትደክሚ ለእትየ ብርቄ አደራ አልሻት፤ ሲመጣ ሌላ ሰው የጠጣበት እንዳይሸተው ብለሽ።

አውርጄ አሸተትሁት። የትናንት ወይራ ነበር።

በቃ፣ ያን ሁሉ ዓመት የጠየቅሁሽ ይኸው ነው፤ ሳልጠይቅሽ መልሰሽው ነበር። ያ ቤት ለሞቱት ሰቀለ፤ አንቺ ላልሞተ ሰቀልሽ። ከታሪካቸው ውስጥ ያጣኋቸው እናቶች ምን ሲያደርጉ እንደነበር አሁን አውቃለሁ። የሆነ ቦታ፣ የሆነ ምሰሶ ላይ፣ የሆነ ነገር ሰቅለው ነበር።

ወደዚያ እመለስ እንደሆነ አላውቅም፣ እማየ። አለቃው ይጠብቁኛል። ማንኪያየ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አሁን ሌላ ሰው አንሥቶት ይሆናል። አንዳንድ ሌሊት መዝሙሩ ይናፍቀኛል፤ እንደዚያ መናፈቄም ያስደነግጠኛል። መምሬ አለነ ሲያዩኝ አሁንም መስቀሉን ጥቂት አመንትተው ነው የሚሰጡኝ። እኔም ጥቂት አመንትቼ እሳለማለሁ። እንዲህ እንኖራለን።

እስካሁን ግን በዋንጫው አልጠጣሁም ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ በየሚካኤሉ አወርደዋለሁ፣ አጥነዋለሁ፣ እሰቅለዋለሁ። ከጠጣሁበት የመጨረሻው የእጅሽ ሥራ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ግን አሰብሁት። ባዶውን ተሰቅሎ ከቀረ ያ ቤት ውስጥ ካሉት ማንኪያዎች በምን ይለያል? አንቺ ያቆየሽው ሰው እንዲጠጣበት ነው።

ዛሬ የሐምሌ ሚካኤል ነው። ሜዳው ውኃ ነው፤ ከደጃፉ ማዶ ሰማይና መሬት አይለይም። ቦራን እትየ ብርቄ አለበቻት፤ ከአንቺ ሌላ አላሳልብም ትል የነበረችው አሁን እጇን ለምዳለች። ስምሽን በጸሎቴ በሁለቱም ቋንቋ እጠራለሁ፤ በሾላዋ ሳልፍ እጄ ባዶውን አያልፍም፤ የምሰሶውም ኩላብ እኔ እስካለሁ ወይራ ይሸታል። ይህን ያህል ቃል ልገባልሽ እችላለሁ።

ዋንጫውን አወረድሁ። እስከ አፉ አስሞላሁት። በስንጥቁ በኩል ጥቂት ጣቴ ላይ ፈሰሰ፤ እንደ ድሮው። ቆሜ ጠጣሁት፣ እማየ። አልሞትሁም።

ልጅሽ ምትኩ